ከባለሙያ ጋራ ስለ መነጋገር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በግብዣ ላይ ሲገናኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ሥራዎ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ተጠያቂው የመሥሪያ ቤቱን ስም ከነማዕርጉ የተናገረ እንደ ሆነ ወንበር ይሳብለታል፤ «ሸማኔ ነኝ» ወይም «ታንኳ ሠሪ ነኝ» ያለ እንደ ሆነ ግን ጨዋታው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ጨዋታው በሚቆምበት በዚያ ቦታ ላይ ስለሚቀረው ዕውቀት ነው። ለምሳሌ የምወስደውም ሩቅ አገር ሳይሆን፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ርብና ጉማራ የሚያጠጡትን የፎገራን ሜዳና ከተማውን ወረታን ነው።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል አውራ አምባ የምትባል መንደር አለች። መሥራቿ አቶ ዙምራ ኑሩ የቀለም ትምህርት ያላገኙ የገበሬ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ያስጨንቃቸው የነበረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም አባትና እናት በእርሻ ላይ እኩል ደክመው ሲመለሱ፣ አባት ሲያርፍ እናት ስለ ምን እንደ ገና ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏንም እግር ታጥባለች የሚል ነበር። ይህን በመጠየቃቸው እንደ እብድ ተቈጠሩ። ነገር ግን ጥያቄውን ይዘው ከአገር አገር ተዘዋውረው፣ ኀሳባቸውን የተቀበሉ ጥቂት ሰዎችን አግኝተው፣ በ1964 ዓ.ም. ገደማ መንደሪቱን መሠረቱ።

በአገራችን ልማድ እንዝርት የሴት፣ መወርወሪያ የወንድ ነው። በአውራ አምባ ግን ሴቲቱ ከሸማኔው ዕቃ ላይ ተቀምጣ ድርና ማጉን ታገናኛለች፤ ሞፈርም ትጨብጣለች። ወንዱም ጥጥ ይፈትላል፤ እንጀራ ይጋግራል። በደርግ ዘመን መጨረሻ መንደርተኞቹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደው ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ ከቀድሞው መሬታቸው የሚበዛው በሌላ እጅ ሆኖ ስለ ጠበቃቸው፣ ከእርሻው ይልቅ ሽመናው ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችን የሚጦሩበትን ቤትና የልጆቻቸውን ማስተማሪያ ያቆመው አንድም ይህ ሥራ ነው። እንግዲህ አንድን ሕዝብ ከችግር ያወጣው፣ ብዙ ሰው ሲንቀው የኖረው ሙያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ንቀት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ፣ ማንም ሰው ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድብ ከልክለው ነበር። ዐዋጅ አፍን ይገታል፤ ልብን ለማቅናት ግን ቀርቦ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከሜዳው ወደ ሐይቁ ብንወርድ ደግሞ የደንገል ታንኳ እናገኛለን። የነገደ ወይጦ ሰዎች ይህን ጥበብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ደንገሉ ተቈርጦ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ውሃ ሲጠጣም ታንኳው ወደ ዳር ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል። የኖርዌይ ተወላጅ የሆነው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ታላቁን ውቅያኖስ በደንገል ጀልባ ሊሻገር ሲነሣ፣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። «ራ» የተባለችው ጀልባ በግብጽ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች ተሠራች። ነገር ግን የጥንት ግብጻውያን የኋላዋን ጫፍ ወደ ላይ ለመያዝ የሚወጥሩት ገመድ ጥቅሙ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበርና፣ ኋላዋ ሰጠመ፤ መንገዷንም ሳትፈጽም ተተወች። ሁለተኛዪቱ ጀልባ በ1962 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። አንዲት ገመድ ስለ ምን እንደ ታሰረች አለማወቅ ይህን ያህል ያስከፍላል።

በፎገራም የሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። በክረምት ውሃ የሚተኛበት ያ ሜዳ በከብቱ ዝነኛ ነበር። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት ሩዝ ሲገባ፣ ለጤፍ የማይመቸው ውሃ ለሩዝ በረከት ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የቆመው በዚያው በፎገራ ነው። ይሁን እንጂ ውሃው በየትኛው ማሳ እስከ መቼ እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚያውቀው በጭቃው ውስጥ የቆመው ገበሬ ነው።

አድማጮቼ ሆይ፤ «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። ሥራውን ለሠሪው መተው መልካም ነው፤ ዕውቀቱን ግን ከሠሪው ጋራ ወደ መቃብር መስደድ አይገባም። በየመሥሪያ ቤታችን ባለጉዳይ ሲቀርብ፣ «የሥራ ዓይነት» በሚለው መስመር ላይ «ልዩ ልዩ» ብለን ጽፈን እናሳልፈዋለን። ከዚያች መስመር በስተ ጀርባ ግን ሠላሳ ዓመት የተለፋበት ሙያ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ጊዜ ስናገኝ ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ከማን ተማሩት? ምን አስከፈለዎት? ማንስ ይረከብዎታል? የመጀመሪያው ጥያቄ ታሪክን፣ ሁለተኛው ሰውየውን፣ ሦስተኛው የነገውን ያሳየናል። ለሦስተኛው «ማንም» የሚል መልስ የሰማን እንደ ሆነ፣ ያ ጉዳይ የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የእኛም መሆኑን እንወቅ።