ከአበዳሪ መሸሽ ዕዳን አይከፍልም

(በመንደራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ዕዳ አከፋፈል እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የባንክ ሠራተኛም አይደለሁም፤ አናጢ ነኝ። ይሁንና ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ «አንተ ዕዳ ውስጥ ገብተህ የወጣህ ሰው ነህ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይፈለጋል?» ብለው አፌን አስያዙኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የራሴን ጉድ አውጥቼ እናገራለሁ። የሚጠቅም ነገር ካገኛችሁበት ውሰዱት፤ ካላገኛችሁበትም ሳቁብኝና እንለያይ።

እንደምታስታውሱት በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የሚሰጠውን የምግብ ዕርዳታ ለጊዜው ሲያቆም በመጠለያ ጣቢያው ያሉት ስደተኞችም ራሽናቸው ተቋርጦባቸው ነበር። ለስደተኞች እንደገና መሰጠት የጀመረው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የዚያ ክረምት ችግር በእነርሱ ብቻ አልቀረም። የእነርሱ ገበያ የእኛም ገበያ ነውና ገበያው ሲሞት የእኔም እጅ ሥራ ፈታ። በር የሚያሠራ ጠፋ፤ አልጋ የሚያዝ ጠፋ። ልጆች ግን መብላታቸውን አያቆሙም፤ መታመማቸውንም አያቆሙም። እኔም ከዚህም ከዚያም እየተበደርሁ ክረምቱን ወጣሁ።

መስከረም ሲጠባ ዕዳዬ የሰባት ሰው ሆኖ ተገኘ። ለባለሱቁ 4,800 ብር፣ ለወፍጮ ቤት 650 ብር፣ የልጆቹን ዩኒፎርም ለሰፋችልኝ ልብስ ሰፊ 900 ብር፣ ለመድኃኒት ቤት 1,150 ብር፣ ለዕቁብ 2,000 ብር፣ ለጎረቤቴ ለአንዲት እናት 1,500 ብር፣ ለባለቤቴ ወንድም 6,000 ብር። ድምሩ 17,000 ብር ነበር። ይህንን ድምር ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። በጊዜው አላውቀውም፤ ላውቀውም አልፈለግሁም። ሌሊት ሌሊት ሳስበው ሃምሳ ሺህ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ሸሸሁ! በሱቁ በር ማለፍ ትቼ በጓሮ በኩል እዞር ጀመር። ወፍጮ ቤት ልጅ እልካለሁ። ጎረቤቴ ስትመጣ ከጓዳ እገባለሁ። አንድ ቀን ባለሱቁ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሲያንኳኳ የሰባት ዓመት ልጄን «አባዬ የለም በይው» አልኋት። ሄደችና «አባዬ የለም በይው ብሎኛል» አለችው። ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። ልጄን ውሸት ያስተማርኋት በ4,800 ብር ነው።

በማግስቱ ጧት ተነሥቼ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ሰውየው ወንበር ስቦ ካስቀመጠኝ በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «እኔም እኮ አሶሳ ላለው አከፋፋይ ዕዳ አለብኝ። የጎዳኝ መዘግየትህ አይደለም፤ መጥፋትህ ነው። መቼ እንደምትከፍል ባውቅ ኖሮ ለአከፋፋዩ የምነግረው ቃል ይኖረኝ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ዛሬ የመጣሁበት ቁም ነገር ይኸው ነው። አበዳሪ ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚፈልገው ቀን ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ቀን መስጠት ይችላል፤ ቀኑንም ካከበረ ስሙ ይጠበቅለታል። የሸሸ ሰው ግን ገንዘቡንም ቀኑንም ይከለክላል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በተራ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ዕዳውን በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍሁ። የማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ወለድ አለው ወይስ የለውም፣ ዋስ አለበት ወይስ የለበትም። ባለቤቴም አጠገቤ ተቀምጣ የረሳሁትን አስታወሰችኝ። ዕዳን ከሚስት ወይም ከባል መደበቅ ሌላ ዕዳ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ለሁለት ሰውም ይቀላል።

ሁለተኛ፣ በወር ምን ያህል መክፈል እንደምችል አሰላሁ። ከምግብና ከልጆች ወጪ በኋላ 1,200 ብር ይተርፋል የሚል ሒሳብ መጣ። ባለቤቴ «1,000 በል፤ በሽታ አለ፣ ለቅሶ አለ» አለችኝ። ሰው ሲያፍር ብዙ ቃል ይገባል፤ ሁለት ሺህ እከፍላለሁ ይልና ሁለት መቶም ሳይሰጥ ይቀራል። ትንሽ ብሎ የፈጸመ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ማን ይቅደም የሚለውን ለየሁ። ልማዳችን የሚጮኸውን ማስቀደም ነው። ይህ ስሕተት ነው። ማስቀደም ያለብን ሌላ ሰው የሚጎዳበትን ነው። እኔ ዕቁቡን አስቀደምሁ፤ ካልከፈልሁ ዋሶቼ ሊከፍሉልኝ ነውና። ከብድርና ቁጠባ ተቋም በቡድን የተበደራችሁም ይህንኑ አስቡ፤ የአንዱ መቅረት በቡድኑ ላይ ይወድቃል። አንዲት ፍየል በ4,500 ብር ሸጥሁና ለዕቁብ 2,000፣ ለመድኃኒት ቤት 1,150፣ ለወፍጮ ቤት 650 ከፈልሁ። የቀረውን 700 ብር የቃሌ ምልክት እንዲሆን ለባለሱቁ ሰጠሁ። በአንድ ቀን ሰባት የነበሩት አበዳሪዎቼ አራት ሆኑ።

ፍየሏን ሸጥሁ እንጂ መጋዜንና መላጊያዬን አልሸጥሁም። ገበሬ ከሆናችሁ ዘሩንና በሬውን አትንኩ። ማሽላውንም ሰሊጡንም ገና በማሳ ላይ ሳለ በርካሽ አትሽጡ። የሚያስገኝላችሁን ዕቃ ሸጣችሁ ዕዳ ብትከፍሉ በሚቀጥለው ዓመት ዕዳው ተመልሶ ይመጣል።

አራተኛ፣ ገንዘብ የሌለኝን በሥራ ከፈልሁ። ልብስ ሰፊዋ የመቁረጫ ጠረጴዛዋ ተሰብሮ ነበር። አዲስ ሠራሁላትና 900 ብሩ ተቻቻለ። እዚህ የተቀመጣችሁት ሁሉ የምትችሉት ነገር አለ። አንዱ ያርሳል፣ አንዷ ትፈትላለች፣ አንዱ ውኃ ያመላልሳል። አበዳሪውን «የምሠራልህ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አምስተኛ፣ ለቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን ይዤ እየዞርሁ አሳየኋቸው። ሁሉም የሌላውን ዕዳ አዩ። ይህን ማድረግ ያሳፍራል፤ ግን «ለእርሱ ከፍሎ እኔን ተወኝ» የሚል ቅሬታ አልመጣም። ለጎረቤቴ በወር 500፣ ለባለሱቁ በወር 500 ሆነ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ እነርሱ እስኪያልቁ ይጠብቀኝ ዘንድ ለመንሁት፤ እሺ አለ።

በጥር ወር ልጅ ታመመብኝና መክፈል አልቻልሁም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። እኔ ግን ቀኑ ከመድረሱ ሦስት ቀን አስቀድሜ ሄጄ ለባለሱቁ ነገርሁት። «አንድ ወር ይተላለፍ» አለኝ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነገር ምክንያት ሰበብ ይባላል፤ ከቀኑ በፊት ሲነገር ግን ምክር ነው።

የባለቤቴ ወንድም ነገር ትንሽ ከበድ ያለ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የዕቃ ዋጋ ወጣ። በነሐሴ 1,000 ብር ይዤለት ስሄድ «ይህ እኮ አምና የሰጠሁህ ብር አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሕጉ የገንዘብ ዕዳ በቁጥሩ ይከፈላል ይላል፤ 6,000 የተበደረ 6,000 ይከፍላል። እኔ ግን በሕግ አልተከራከርሁትም። «እውነትህን ነው፤ የጠበቅኸኝም ስጦታ ሆኖ ይቆጠርልህ» አልሁት። በሌላ ጊዜ የቤቱን በር በነጻ አደስሁለት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የመጨረሻውን 600 ብር ስወስድለት «ለልጆቹ ደብተር ይሁን» ብሎ መለሰልኝ። አንድ ዓመት ከአንድ ወር ፈጀ፤ አለቀ።

አሁን ደግሞ ከሕግ ዐዋቂዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ባጭሩ ልናገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም የሚሠራ ነው። በእርሱ መሠረት፦

ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ክርክር ቢነሣበት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው። መክፈላችሁም እንዲሁ ነውና ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ጨርሳችሁ ስትከፍሉ የፈረማችሁበት ወረቀት እንዲመለስላችሁ ወይም እንዲሰረዝ ጠይቁ። ውሉ ሲጻፍ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።

በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዲበልጥ መዋዋል አይቻልም። በወር ከመቶ 10 የሚለው አራጣ ነው። የሰውን ችግር አይቶ አራጣ ማበደር ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ አንዱን ዕዳ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ ዘንድ አትሂዱ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ለአንድ ሰው ሁለትና ሦስት ዕዳ ያለበት፣ ሲከፍል የትኛውን እንደሚከፍል የመናገር መብት አለው። ዋስ የሚሆንም ሰው ይስማ፦ ዋስ የሆነበት ገንዘብ ከፍተኛው ልክ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ልኩ ሳይጻፍ ፊርማችሁን አታኑሩ።

በመጨረሻ ለአበዳሪዎች አንድ ቃል አለኝ። በመካከላችን የምትኖሩ ባለሱቆች፣ ወርቅ ገዢዎች፣ ደግ ጎረቤቶች ሁሉ ስሙኝ። የብዙዎቻችን ሃይማኖት ብድር ይጻፍ፣ የተቸገረ ባለዕዳም ጊዜ ይሰጠው ብሎ ያዛል። ሰውን በገበያ መሐል፣ በለቅሶ ቤት፣ በልጆቹ ፊት አትጠይቁት። ያፈረ ሰው አይከፍልም፤ ይሸሻል። መቶ ብርም ይዞ ቢመጣ «ይቺ ምን ትሆናለች?» አትበሉት። ተቀበሉት፣ ጻፉለት፣ አመስግኑት፤ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል።

ለእኛ ለተበዳሪዎች ደግሞ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሁንብን። ለሠርግ ድግስ፣ ለሰው ዓይን ስንል የምንበደረውን እንተው። ችግር የወለደውን ዕዳ ሁሉም ያዝናል፤ ድግስ የወለደውን ግን ማንም አያዝንለትም።

ከዚህ ስብሰባ ስትወጡ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ዛሬ ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከቤተሰባችሁ ጋራ ተቀመጡ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ። ነገ ጧት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የምትሸሹትን አበዳሪ አስቀድማችሁ ሂዱበት። ብቻውን መሄድ የከበደው ለኮሚቴው ይንገር፤ ከሽማግሌዎቹ አንዳቸው አብረውት እንዲሄዱ ተስማምተናል። ካስፈለገ እኔም እሄዳለሁ።

ልጄ ዛሬ በር ሲንኳኳ «ማን ልበል?» ብላ ትከፍታለች። እኔም በሱቁ በር ፊት ለፊት አልፋለሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እኔ ግን ስም በሕይወት ሳለንም በሰፈር ውስጥ ቀና ብሎ ለመሄድ እንደሚያስፈልግ ተምሬአለሁ።