ቆላው ሽቅብ ሲወጣ
የምድር ሙቀት፣ ድርቅና ሰፈራ
(በኮልፌ ቀራኒዮ ለእርዳታና ለሰፈራ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



የኢትዮጵያ ገበሬ ምድሩን የሚለየው በወሰን ድንጋይ ብቻ ሳይሆን በአየሩም ጭምር ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብሎ የሰየማቸው ምድሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው እህል፣ የራሳቸው አውሬና የራሳቸው በሽታ አላቸው። ማሽላ የቆላ፣ ጤፍ የወይና ደጋ፣ ገብስ የደጋ ነው፤ ወባም ደገኛው ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው የቆላ በሽታ ነው። የምድር ሙቀት መጨመር ለእርዳታና ለሰፈራ ሥራ ያስከተለው ዋናው ነገር ይህ ጥንታዊ ድልድል ከቦታው መነቃነቁ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የምድር አማካይ ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። በኢትዮጵያም ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት አማካይ ሙቀቱ በ1.3 ዲግሪ መጨመሩ ተመዝግቧል። ቁጥሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በተራራማ አገር 100 ሜትር ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ የአንድ ዲግሪ ጭማሪ ቆላውን ከ150 ሜትር በላይ ወደ ደጋው እንደ መግፋት ይቆጠራል።

ይህ ለውጥ በመጀመሪያ የሚታየው በድርቅ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ጎደሉ፤ የቦረናና የሶማሌ አርብቶ አደር ከብቶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ አለቁ። የልዩ ልዩ አገር ሳይንቲስቶች በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት እንደገለጹት፣ ያው የዝናብ ጉድለት ምድር በ1.2 ዲግሪ ቀዝቃዛ በነበረችበት ዘመን ቢደርስ ኖሮ ወደ ድርቅ ባልተለወጠም ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞቃት አየር ከአፈር፣ ከቅጠልና ከኩሬ እርጥበትን አብዝቶ ይስባል። በመሆኑም የዝናብ መለኪያ ብቻውን የድርቅን ልክ አይናገርም፤ ዝናቡ ሳይጎድል አፈሩ ሊደርቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ዝናቡ በመጣ ጊዜ በጎርፍ መልክ የመውረድ ዝንባሌው ያይላል።

ሕይወት ያላቸው ነገሮችም ሽቅብ ይሰደዳሉ። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው ጅብራ፣ እንዲሁም ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ፣ የሚኖሩት በብርዳማው ከፍታ ነው። ከታች ሙቀቱና እርሻው ሲገፋቸው ከላይ የሚጠብቃቸው ሰማይ እንጂ ሌላ ተራራ አይደለም። ስለ ቡናም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከአሁኑ የኢትዮጵያ የቡና መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ያው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ተክሉ ወደ ከፍተኛ ቦታ ቢዛወርና ደን ቢጠበቅለት ለቡና ተስማሚ የሚሆነው መሬት ሊሰፋ ይችላል። እንግዲህ ቡናም ሰፋሪ ሊሆን ነው ማለት ነው።

ስለ ሰው ሰፈራ ያለው ትምህርት ግን እጅግ ከባድ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ጋምቤላ፣ ከፋና መተከል ተወሰዱ። መሬቱ ሲመረጥ የታየው ዝናቡና ስፋቱ ነበር። ደገኛው ግን የቆላውን ወባ የሚቋቋም ሰውነት አልነበረውም፤ በሬዎቹም ዝንብ በሚያስተላልፈው በገንዲ በሽታ ተጠቁ። ያን ጊዜ ሰው ወደ በሽታው ሄደ፤ አሁን ደግሞ በሽታው ወደ ሰው እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የደብረ ዘይትን አካባቢ የዓመታት መዝገብ የመረመረ ጥናት፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አረጋግጧል። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች ትንኝም በከተማ የውሃ በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ክዳን የሌለው ሮቶ በሰፈራ ጣቢያ የጤና ጉዳይ እንጂ የዕቃ ግምጃ ቤት ጉዳይ አይደለም።

ይህ ንግግር የተደረገበት ኮልፌ ቀራኒዮም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ምድርን ያሞቁት ጋዞች የበዛው ክፍል የወጣው ከበለጸጉት አገሮች ነው፤ የኢትዮጵያ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው። ሆኖም በረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ በሚለው ስፍራ፣ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማች ኖሯል። የወጥ ቤት ትራፊ አየር አጥቶ ተቀብሮ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም በመቶ ዓመት ሂሳብ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ለናዳው ሙቀት ተጠያቂ ነው የሚል የለም። ነገር ግን ሌላ ቦታ ያጣ ሰው አደገኛ በሆነው ቦታ እንደሚሰፍር፣ አደጋውም በቅድሚያ እርሱን እንደሚያገኘው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል፤ ይሁንና ትራፊውን ከየቤቱ ለይቶ ማዳበሪያ ማድረግ ከማናቸውም ፋብሪካ የሚቀድም ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው አራት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የድርቅ ማስጠንቀቂያ ከዝናቡ ጋር ሙቀቱንና የአፈሩን እርጥበት ይመዝን። ሁለተኛ፣ የሰፈራ ቦታ ሲመረጥ የዛሬው አየር ብቻ ሳይሆን ከ20 ዓመት በኋላ የሚኖረው ይታሰብ፤ ዛሬ ወይና ደጋ የሆነው ያን ጊዜ ቆላ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ አጎበር፣ መድኃኒትና ክዳን ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ከሰፋሪው በፊት ይድረስ። አራተኛና ዋነኛው፣ ሰፋሪው ይጠየቅ፤ የመሬቱ ነባር ነዋሪም ይጠየቅ። ገበሬው የአየሩን ጠባይ ከማናቸውም መዝገብ አስቀድሞ ያውቃል፤ ገብስ የነበረው ማሳ ወደ ጤፍ ሲዞር የሚያየው እርሱ ነው። እርሱን ሳያማክሩ የተሰጠ መሬት፣ ዝናብ ቢዘንብበትም እንኳ፣ ለሰፋሪው አገር አይሆነውም።