የድረ ገጽና የብሎግ ልዩነት



ብሎግ ሁሉ ድረ ገጽ ነው፤ ድረ ገጽ ሁሉ ግን ብሎግ አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የመጀመሪያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። «ዌብሎግ» የሚለው ስያሜ የመጣው ግን በ1997 ነው፤ «ሎግ» ማለትም የዕለት መዝገብ ነው።

ልዩነቱን ሙያችን ያስረዳል። የድረ ገጽ ቋሚ ገጽ እንደ ሥራ ንድፍ ነው፤ ሲታረም አዲሱ አሮጌውን ይተካል። ብሎግ ግን እንደ ግንባታ ቦታ የዕለት መዝገብ ነው፤ የትናንቱ ሳይፋቅ የዛሬው ከነቀኑ ይጨመራል፤ የቅርቡም ከላይ ይቀመጣል።

ስለዚህ የጸናው ደንብ በቋሚው ገጽ፣ የሥራ ልምድ በብሎግ ይስፈር። ሁለቱ ከተደባለቁ፣ የተሻረ የፌሮ መጠን ከቆየ ጽሑፍ ተቀድቶ ምሰሶ ሊቆምበት ይችላል።