ግንቡ ሲወሰድ የቀረችው አጥቢያ
(ለአጥቢያ ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ ከተማ ስለምትገኘው የመሠረተ ክርስቶስ አጥቢያ ጥቂት እንድንናገር ተጠይቀናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው የተጀመረው በመድረክ ስብከት አይደለም። አገራችን ከጣሊያን ወረራ ቍስል ገና ሳታገግም፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ የሜኖናይት የእርዳታ ሠራተኞች መጡ። በናዝሬት ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት የጥጥ መዳመጫ ነበርና እርሱን አጽድተው ሆስፒታል አደረጉት፤ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ተባለ። ጥጥ ይዳመጥበት በነበረው ቤት በሽተኛ ተኛ፤ የአገሩ ወጣቶችም ድሬሰር ለመሆን ይሠለጥኑበት ጀመር።

በዚያ ዘመን ደንብ ናዝሬት ለሚሲዮን ስብከት ከተዘጉት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ሰኔ 9 ቀን 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ 10 አማኞች ሲጠመቁም ጥምቀቱ የተፈጸመው በአዲስ አበባ እንጂ በናዝሬት አልነበረም።

በ1950ዎቹ የከተማው ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለመማር ብለው ወደ ሚሲዮኖቹ ሄዱ። የንባብ መጽሐፋቸው የዮሐንስ ወንጌል ሆነ። ቋንቋ ሊማሩ የገቡት አማኞች ሆነው ወጡ፤ «የሰማይ ብርሃን» የሚባለውም ኅብረት ከእነርሱ ተነሣ። ጸሎታቸው ድምፅ ነበረው፤ ጸጥታ ለለመዱት ለሚሲዮን ሰዎች ግር ሳይል አልቀረም። ሁለቱ ወዲያው አንድ አልሆኑም፤ ብዙዎቹ ወጣቶች ግን በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ አገልጋዮች ሆኑ። እቅድ የምናወጣ ሰዎች ልብ እንበል፤ ይህ በማንም የሥራ እቅድ ውስጥ አልነበረም!

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ። ሆስፒታሉ ቀደም ብሎ ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ ነበር። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በመላ አገሪቱ ዘጋ። ቀኑ እሑድ ነበር። ያን ጊዜ 14 አጥቢያዎችና 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። የአምልኮ ቤቶች፣ የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ፣ የባንክ ሒሳቡ ሳይቀር ተወሰደ። ከመሪዎች አንዳንዶቹ ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ።

አጥቢያዋ ወዴት ሄደች? ወደ ጓዳ ገባች። እናቶች ሲያወሩን እንደ ሰማነው፣ በአንድ ቤት አምስት ወይም ስድስት ሰው ይሰበሰባል። አንዱ ሲገባ ሌላው መንገድ ዞሮ ይቈያል። ረከቦቱ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ድንገት በር ቢንኳኳ ቡና የሚጠጡ ጐረቤታሞች ናቸው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ይሻላል፣ ድምፁን ይሸፍነዋልና። ሰው ሲበዛ ይከፈሉና ሌላ ቤት ይፈለጋል። ቤት መስጠት ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። ቤቷን የከፈተች እናት የቀበሌ ቤቷን፣ የባሏን ሥራ፣ የልጆቿንም እንጀራ አደጋ ላይ ጥላ ነው። ብዙዎቹ ማንበብ እንኳ የማይችሉ ነበሩ፤ እኛ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ዓመታት የፈጀንበትን የአጥቢያ አስተዳደር እነርሱ በሚጥሚጣ ዕቃና በስኒ መካከል ሠርተውታል።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ በሩ ሲከፈት አባላቱ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። ይህ ቍጥር ለእኛ ለልማት ሠራተኞች የሚከብድ ነው። በእነዚያ ዓመታት አንድ አዳራሽ አልተሠራም፤ የሚመረቅ፣ ሪባን የሚቈረጥለት ነገር አልነበረም።

ሕንጻ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ በክረምት ዝናብ ሜዳ ላይ የቆመ ምዕመን ያውቀዋል። ነገር ግን እኛ ራሳችን የላክናቸውን ሪፖርቶች መልሰን ብናነብ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና አግዳሚ ወንበር ተቈጥሮበታል፤ ቤቷን የከፈተች አንዲት እናት ግን አልተጠቀሰችም። ደጋፊዎቻችን የግንቡን ፎቶግራፍ ሲጠይቁን ደስ ብሎን ላክን። አሁን በአንዳንድ አጥቢያዎች ሁሉም ወደ አዳራሹ ስለሚመጣ የየሰፈሩ የቤት ጸሎት እየሳሳ መሆኑን ሽማግሌዎች ነግረውናል።

ስለዚህ የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው የሦስት ወር ሪፖርት ከሲሚንቶው ቍጥር አጠገብ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ በየሰፈሩ ስንት ቤት ለጸሎት እንደሚከፈት፣ ስንቱም እንደ ተዘጋ ጻፉ። ሽማግሌዎችም እነዚያን እናቶች፣ በሕይወት ያሉትን፣ ሳይመሽ ሂዱና ጠይቋቸው።