ድጓውን በእጁ የጻፈ ተማሪ
(ለኪነ ጥበብ ተመራቂዎች በሐዋሳ የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ ጠዋት ወደ አዳራሹ ከመምጣቴ በፊት ጉዱማሌ ሜዳ ደርሼ ነበር። ሜዳው ጸጥ ብሏል። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ቀን ግን በቄጣላ ጭፈራ እንዴት እንደሚናወጥ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ከጭፈራው በፊት ያለው ነገር ነው፤ የሲዳማ ከዋክብት ተመልካቾች የሆኑት አያንቶዎች ሰማይ ሰማዩን አይተው፣ የከዋክብትን አካሄድ ተከትለው ቀኑን ይወስናሉ። አያንቶ በግድግዳው ላይ የሰቀለው ዲግሪ የለውም። የያዘው ነገር ዕውቀት አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰው ግን በዚህ ከተማ የሚገኝ አይመስለኝም።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ጉዳይም ከዚሁ አይርቅም። በኪነ ጥበብ ዶክተር መሆን ማለት ምን ማለት ነው? ሠዓሊ በብሩሹ፣ ሙዚቀኛ በክራሩ፣ ተዋናይ በአካሉ ፈልጎ ያገኘው ነገር እንደ ምርምር ተቆጥሮ ሊመዘን ይገባል ወይስ አይገባም? እኔ ይገባል እላለሁ። ይህንንም የምለው ለጥበብ ሰዎች አድልቼ አይደለም።

እስከ ዛሬ በአመዛኙ የተለመደው ዶክትሬት ስለ ጥበብ የሚጻፍ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም አያቃልለው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬቱን ባይሠራ ኖሮ ስለ ዜማችን የምናውቀው ብዙ ነገር በጎደለብን ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዋ ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ባሳተመችው መጽሐፍ የሠዓሊዎቻችንን ታሪክ በዓለም የምርምር መድረክ ላይ አቁማዋለች። ነገር ግን አሸናፊ አጥኚ ብቻ አልነበረም፤ የዋሽንትን ዜማ ከኦርኬስትራ ጋር ያዋሃደ የሙዚቃ ደራሲም ነበር። እረኛው የሚነፋት ዋሽንት ከቫዮሊንና ከቼሎ ጎን ስትቀመጥ የገጠመውን ችግርና ያገኘውን መፍትሔ የሚናገረው የደረሰው ሙዚቃ ነው። ያም ምርምር ነው።

ሥራው ግን እንደ ምርምር ስለማይቆጠር፣ አንድ የማውቀው ሠዓሊ ለሦስተኛ ዲግሪ ባመለከተ ጊዜ «ሥዕሉን ተወውና ስለ ሥዕል ጻፍ» ተባለ። አራት ዓመት ሙሉ ጻፈ። ዲግሪውን ይዞ ወደ ስቱዲዮው ሲመለስ ብሩሾቹ ደርቀው እንደ እንጨት ሆነው አገኛቸው። ይህን ሲነግረኝ የድምፁ መሰበር እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

በሥራ መመርመር ምን እንደሚመስል ለማየት እስቲ ክራርን በቅርበት እንመልከት። አውታሩ አምስት ወይም ስድስት ነው። በትዝታ ቅኝት ከተቃኘ በኋላ ወደ ባቲ ቅኝት ልሻገር ያለ ሰው ጨዋታውን ገታ አድርጎ አውታሩን እንደገና መቃኘት አለበት። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም፣ ቀጥሎም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በእንግድነት ሲሠራ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን አስቡት፤ አውታር ይጨመር? ሲጨመር ቀንበሩ ይችለዋል? የቆዳው ድምፅስ እንዴት ይሆናል? ክራሩ ሁሉን ቅኝት መጫወት በቻለበት ቀን ክራርነቱ አብሮት አለ ወይስ ሌላ መሣሪያ ሆኗል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ መጽሐፍ ገልጦ የሚመልስ ሰው የለም። ሠርቶ፣ ደርድሮ፣ አዳምጦ፣ አፍርሶ፣ እንደገና ሠርቶ እንጂ።

ሙላቱ በየቃለ መጠይቁ ደጋግሞ የሚያነሳቸው የደቡብ ኢትዮጵያ ደራሼዎችም ለዚህ ማሳያ ናቸው። ፊላ የሚሉትን የሸምበቆ ዋሽንት ጨዋታቸውን ያየ ያውቀዋል። አንዱ ነፊ የያዘው ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው ሙሉ የሚሆነው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። አጥኚ ከዳር ቆሞ ድምፁን ቢቀዳ ዜማውን ያገኘዋል። ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ፣ የጎረቤትህን ትንፋሽ ሰምተህ የራስህን ማስገባት ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ግን ሸምበቆውን ይዞ መሐል የገባ ሰው ነው።

«በጥበብ ሥራ ዶክተር መሆን ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፣ ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምረው ለአርቲስቶቻቸው የዶክትሬት በር ከፍተዋል፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 ራሱን የቻለ የኪነ ጥበብ ዶክትሬት በሕግ አቁማለች። ለእኛ ግን ነገሩ ባዕድ አይደለም። ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሚማር ተማሪ ለስንት ዓመት በቃሉ ካጠና፣ ከዜማው ጋር ከተዋሃደ በኋላ ብራናውን ፍቆ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ የራሱን ድጓ ከነዜማ ምልክቱ በእጁ ይጽፍ ነበር። ያንን ይዞ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። መጽሐፉ ይታረማል፤ ዜማው ይሰማል፤ ከዚያ ይመረቃል። ያ ምልክት ራሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጀ ይነገራል፤ ሁለቱ ሊቃውንት የሚዜመውን ዜማ ወደ ጽሕፈት ለማምጣት መንገድ የፈለጉ ሰዎች ናቸው። የቅኔውም ተማሪ እንዲሁ ነው። በየቀኑ ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ በነጋታው አዲስ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱን ደግሞ አያቀርብም። ሥራውና ፈተናው አንድ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ «ዝም ብለህ ስለ ቅኔ ጻፍ» የሚል መምህር አልነበረም።

ይህን ስል መንገዱ ይቅለል ማለቴ አይደለም። ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ «ይኸው ዶክትሬቴ» ማለት አይቻልም። ጥያቄው ግልጽ መሆን አለበት፤ የተሞከረው፣ የከሸፈው፣ የተገኘው ተመዝግቦ ሌላው ሊከተለው በሚችል መልኩ መቅረብ አለበት፤ ጽሑፍም ይኖረዋል። ፈታኙም ሥራውን ቆሞ ማየት፣ ተቀምጦ መስማት ይኖርበታል።

ስለ ክብር ዶክትሬትም አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ሙላቱን በክብር ዶክትሬት አክብረዋል፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን የክብር ዶክትሬት ምስጋና ነው። ባለሙያው በሥራ መሐል ሳለ «ምን ፈልገህ ነው? እንዴት አገኘኸው? ለተከታዮችህ ምን ትተዋለህ?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ግን ጥያቄው ሲዘገይ ብዙ ነገር አጥተናል። ስንቱ ባለሙያ ያገኘውን ይዞ ወደ መቃብር ወርዷል።

የተከበራችሁ መምህራንና የትምህርት ኃላፊዎች፣ ሥራው ራሱ የማሟያ ጽሑፉ ግማሽ ሆኖ የሚፈተንበትን የሦስተኛ ዲግሪ በር ክፈቱ። በፈታኞቹ ወንበርም ከፕሮፌሰሩ አጠገብ ቄጣላን የሚያውቅ የሲዳማ ሽማግሌና ፊላ የሚነፋ የደራሼ ባለሙያ ይቀመጡ።

እናንተ ተመራቂ ልጆቼ ደግሞ ዶክትሬቱን አትጠብቁ። ከነገ ጀምራችሁ አንድ ደብተር ያዙ። ምን ልትሠሩ እንደፈለጋችሁ፣ ምን እንዳልሆነላችሁ፣ ለምን እንደለወጣችሁት በቀኑ ጻፉ። ቀለሙ ለምን እንደተሰነጠቀ፣ ተመልካቹ የቱ ትዕይንት ላይ እንደተነሳ፣ አውታሩ በስንት ሙከራ እንደተቃኘ መዝግቡ። አያቶቻችሁንም ዛሬ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጣችሁ ዝፈኑ፣ ሸምኑ፣ ንፉ።