ልጅ ግቢ ሲገባ



የትምህርት ሚኒስቴር የተማሪዎችን ምደባ ባስታወቀ ሰሞን፣ የአዲስ አበባው ልጅ አርባ ምንጭ፣ የደሴዋ ልጅ ጅማ፣ የሐዋሳው ልጅ ጎንደር መመደቡ በተሰማበት ቤት ሁሉ በሶው ይፈጫል፣ ዳቦ ቆሎው ይሰናዳል፣ ብርድ ልብሱ ይገዛል፤ አባት ዝም ብሎ ሻንጣውን ያስራል፣ እናት ደግሞ የታሰረውን ፈትታ አንድ ነገር ትጨምርበታለች። ስንቁ ተሟልቶ፣ ምርቃቱ ተፈጽሞ፣ አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ ግን፣ ለስንቅም ለምርቃትም ከአባቶቹ የወረሰው ሥርዓት ያለው ወላጅ፣ ሥርዓት ያልተሠራለት አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይኸውም ከእንግዲህ ወዲህ ለዚህ ልጅ በስንት ቀን አንድ ጊዜ ልደውልለት የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ አባቶቻችንን አላስጨነቃቸውም፤ መልሱን ስላገኙት ሳይሆን ምርጫው በእጃቸው ስላልነበረ ነው። ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ የወጣው የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ሲሻገር፣ ወላጆቹ ስለ እርሱ የሚሰሙት ከሩቅ ገበያ የተመለሰ ነጋዴ ወይም ከንግሥ የመጣ ምእመን «አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው» ሲላቸው ነበር፤ ያውም ስንት ክረምት ካለፈ በኋላ። ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ሊቃውንት ሆነው ስለ ወጡ፣ ከቤት መራቁና ከቤት መለየቱ ነው ያጸናቸው እያልን ያን ዘመን የምናወድስ አለን። እኔ ግን በወረርሽኝ በሰው አገር የተቀበሩትን፣ እናቶቻቸውም መርዶ እንኳ ሳይደርሳቸው በተስፋ ያረጁትን ሳስብ፣ ያን ዝምታ የዕውቀት ምክንያት ብዬ ለማመስገን አልደፍርም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ነገር ሁለት እናቶችን ያቀርቡልናል፤ የሁለቱም ስም ሐና ነው። የሳሙኤል እናት ሐና፣ በስለት ያገኘችውን ልጅ በሴሎ ለቤተ እግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ፣ በየዓመቱ መሥዋዕት ለማቅረብ ከባልዋ ጋር ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። ይህ ነገር በንባብ አጭር ይሁን እንጂ ልብ ላለው ሰው ብዙ ይናገራል፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ልብስ የምትሠራ እናት ያለፈውን ዓመት ልክ ይዛ ልትሠራ አትችልምና፣ ትከሻው አሁን ምን ያህል ሰፍቶ፣ ቁመቱስ የት ደርሶ ይሆን እያለች ዓመቱን ሙሉ በልቡናዋ ስትለካው መኖር ነበረባት። ሁለተኛዪቱ ሐና የጦብያ እናት ናት። ልጅዋ ብር ሊቀበል ወደ ሩቅ አገር ሄዶ፣ በዚያም 14 ቀን በሚፈጅ የሰርግ በዓል ተይዞ በዘገየ ጊዜ፣ እርስዋ በየቀኑ ወደ መንገድ እየወጣች ትጠባበቅ ነበር፤ ባልዋ ጦቢትም ቀኖቹን ይቈጥር ነበር። ልጁ ግን በዚያ ሁሉ ደስታ ማእከል ሳለ የአባቱን ቀን መቍጠር አልዘነጋም፤ አማቱን እንዲያሰናብተው ለመነ። ስለዚህ ከመጀመሪያዪቱ ሐና የወላጅን ድርሻ፣ ከጦብያም የልጅን ድርሻ መማር የሚቻል ይመስለኛል።

የእጅ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ መንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ ቀርቷል፤ መለካቱ ግን አብሮ እንዳይቀር እፈራለሁ። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ በዶርሙ ውስጥ ከተደራራቢው አልጋ የላይኛው ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። «በላህ?» «አዎ።» «ምን በላህ?» «ካፌ የሰጡንን።» «ብርዱስ?» «ደኅና ነው።» «ትምህርቱስ?» «ደኅና ነው።» «በል በርታ፣ እመቤቴ ትጠብቅህ።» እናቲቱ ትናንትም ከትናንት ወዲያም ይህንኑ ጠይቃ ይህንኑ ሰምታለች። ልጁ በዚያው ዕለት የሚድ ፈተናውን ውጤት አይቶ አንገቱን ደፍቶ መዋሉን ግን አላወቀችም፤ አምስት ጓደኞቹ እየሰሙት፣ በየማታው ለሚመላለስ አጭር ጥያቄ፣ ከአጭር መልስ በቀር ምን ሊሰጣት ይችላል?

ይህን ስል የወላጅን ስጋት እንደ ከንቱ ነገር መቍጠሬ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ያለ ስልክ ዩኒቨርስቲዎች ውስጥ ገብተው ሲፈተኑ፣ በዚያች ጥቂት ቀን እንኳ እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ብዙ ነበር። ከዚያ በፊት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ስልክ በተቋረጠ ጊዜ፣ ልጆቻቸውን ወደ መቀሌ፣ ወደ አክሱም፣ ወደ አዲግራት ዩኒቨርስቲዎች የላኩ ወላጆች፣ ልጆቹ በአፋር በኩል እስኪመለሱ ድረስ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠንተዋል፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ይማሩ የነበሩ የትግራይ ልጆችም ከዚያ ክረምት እስከ 2015 ዓ.ም. የእናታቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የቈዩ አሉ። ይህን ያየ ትውልድ ስልክ ሳይነሣለት ሲቀር ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ድንጋጤያችንን ለማብረድ የምንደውለውን ልጁን ለማወቅ ከምንደውለው ልንለየው ይገባናል። በእኔ አስተያየት፣ የመጀመሪያው ሁለት ወር እስኪያልፍ ወላጅ አዘውትሮ ቢደውል መልካም ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ሰዉ ባዕድ፣ ናፍቆቱም ብርቱ ነውና። ከዚያ ወዲያ ግን በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ልጁ ራሱ የመረጠው ቀንና ሰዓት ይበቃል፤ ለአንዱ ቤት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሌላው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሳምንት ያህል የተጠራቀመ ነገር ያለው ልጅ ከዶርሙ ወጥቶ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ስለ መምህሩም ስለ ጓደኛውም፣ ምናልባትም ስለዚያ ውጤት ይናገራል። በመካከሉ እርሱ ሲደውል ማንሣት፣ እርሱ ሳይደውል ግን ቀጠሮውን መጠበቅ ነው። ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል፤ ወንድ ልጁን በሳምንት አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚተወው አባት፣ ሴት ልጁን በየምሽቱ «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?» እያለ ሲመረምር፣ እርስዋ ጥበቃ ሳይሆን ጥርጣሬ ትሰማለች፤ ክፉ ነገር በደረሰባት ቀንም ለዚያ አባት ለመንገር ትፈራለች።

ቀጠሮው በወላጅም በልጅም ፈቃድ የማይሆንበት ቤት መኖሩንም አልዘነጋሁም። ልጅዋን ለማስተማር ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እናት የምትደውለው አሠሪዋ ስልክ በፈቀደችላት ሰዓት ነው፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ እኩለ ሌሊት ነው፤ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ ጊዜ የጦብያ ድርሻ የሚከብደው በልጁ ላይ ነው፤ ስልኩን ሳይዘጋ መተኛት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ቢሆን ሮጦ ወጥቶ ማንሣት፣ ካመለጠውም በኢሞ ድምፁን ቀድቶ መላክ ይገባዋል፤ ያች ሴት በሥራ ብዛት ደክማ ስልኩን የምትከፍተው ያን ድምፅ ፍለጋ ነውና።

ለሁሉም ቤት ግን አንድ ነገር እመክራለሁ። ልጁ ዶርም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አብሮት የሚያድረውን የአንድ ጓደኛውን ስልክ ቍጥር፣ እርሱ ዐውቆና ፈቅዶ፣ ለወላጆቹ ይስጣቸው። ወላጆችም ያን ቍጥር «ልጄ ማታ ስንት ሰዓት ገባ?» ብለው ለመሰለል አያውሉት፤ የቀጠሮው ቀን አልፎ፣ ማግሥቱም መሽቶ፣ የልጁ ስልክ ዝግ ሆኖ ሲቀር ብቻ ይደውሉበት።