ስድስት ፊልም በአንድ ዲስክ ላይ ስለ መቅዳት



ዛሬ የምናገረው ብዙ ፊልሞችን አምቆ በአንድ ባዶ ዲቪዲ ላይ ስለ መቅዳትና በቤት ውስጥ በቴሌቪዥን ስለ መመልከት ነው። አሁን ብዙ ሰው ፊልም የሚያየው በእጅ ስልክና በፍላሽ ስለሆነ፥ ነገሩ ያለፈበት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በየቤታችን ቁም ሳጥን ውስጥ ሠርግ፥ ክርስትናና ምረቃ የተቀዳባቸው ካሴቶችና ዲስኮች ተደርድረው ይገኛሉ። እነዚህን ሰብስቦ በአንድ ላይ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ስለማይጠፋ፥ እኔም በዚሁ ሥራ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተሳሳትሁ በመሆኔ፥ የማውቀውን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

በመጀመሪያ የዲስኩን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ተራው ባለ አንድ ንጣፍ ባዶ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ቢሊዮን ባይት ነው። ባይት ማለት ኮምፒዩተር ነገርን የሚሰፍርበት ትንሽ መስፈሪያ ነው እንበል። በአገራችን በተለመደው የዲቪዲ ሥርዓት አንድ ሥዕል ወደ ጎን 720፥ ወደ ታች 576 ነጥብ አለው፤ በአንድ ሴኮንድም 25 ሥዕል ያልፋል። ይህ ሁሉ ሳይታመቅ እንዳለ ቢጻፍ፥ ለአንድ ሴኮንድ ብቻ 15 ሚሊዮን ተኩል ያህል ባይት ይወስዳል። እንግዲህ ሒሳቡን ብናሰላው፥ ዲስኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ያልቃል፤ ሙሽራዋ ገና ከቤት ሳትወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ በዲቪዲ የምናየው ፊልም ሁሉ አስቀድሞ የታመቀ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በዚሁ ዲስክ ላይ እንዲገባ ከ24 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ የቀረው ይጣላል። ይህን ያህል ተጥሎ ዓይናችን ቅር አለማሰኘቱ የሚያስደንቅ ነው። ምክንያቱም የሚጣለው ነገር የተመረጠ ስለሆነ ነው። ሥዕሉ ወደ ጎንም ወደ ታችም 8 ነጥብ ባላቸው ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ ከዚያም በየማዕዘኑ ውስጥ ዓይን የማይመራመረው ረቂቅ ነገር በስሌት ተለይቶ ይቀነሳል። ይህንን የስሌት ዘዴ የህንድ ተወላጅ የሆኑት ናሲር አህመድ ከናታራጃንና ከራኦ ጋር ሆነው በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳትመውታል። ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ ያልተለወጠውን ነገር ደጋግሞ አለመጻፍ ነው። አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲመርቁ፥ ከበስተኋላቸው ያለው ድንኳን ስለማይንቀሳቀስ፥ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሚጻፈው የከንፈራቸውና የእጃቸው እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ይህም ነገር የእናቶቻችንን ድርቆሽ ይመስላል። መንገደኛ እንጀራውን አድርቆ ቢይዝ ስንቁ ይቀልለታል፤ በደረሰበትም አርሶ ይበላዋል። ይሁን እንጂ የረሰረሰው ድርቆሽ ትኩስ እንጀራ አይሆንም። የታመቀ ፊልምም እንዲሁ ነው፤ የተጣለው ከተጣለ በኋላ በምንም ዓይነት መሣሪያ አይመለስም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በ2003 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ገደማ ሳለሁ፥ እናቴ ዲስክ እየቀያየረች እንዳትቸገር ብዬ ስድስት ፊልም በአንድ ዲቪዲ ላይ ቀዳሁላት። ሦስቱ በ1992 ዓ.ም. በቪዲዮ ካሴት የተነሣው የእኅቴ ሠርግ፥ አንዱ የወንድሜ ክርስትና፥ ሁለቱ ደግሞ እርሷ የምትወዳቸው ፊልሞች ነበሩ። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ሴኮንድ የደረሰው ድምፁም ሥዕሉም ተጨምሮ 145 ሺሕ ባይት ነው፤ ከመቶ እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ስድስቱም በመግባታቸው ብቻ ተደስቼ፥ ካሴቶቹን ለጎረቤት ሰጠሁ፤ ከኮምፒዩተሩም ላይ ዋናውን ደመሰስሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ አያቴ ዐረፉ። በሠርጉ ማታ ተነሥተው እስክስታ የወረዱትን ለማየት ቤተ ዘመዱ ሁሉ ተሰበሰበ። ድንኳኑ ብርሃን ያንሰዋል፤ ጭፈራውም የበረታ ነበረ። አያቴ ትከሻቸውን መምታት እንደ ጀመሩ ፊታቸው እንደ ተሰበረ ሸክላ በአራት ማዕዘን ተከፋፈለ፤ ዓይናቸው ከግንባራቸው አልለይ አለ። ጨለማና ፈጣን እንቅስቃሴ ብዙ ባይት የሚፈልጉ ናቸውና፥ ያ ሁሉ ቁጠባ የተከፈለው በዚያች ቦታ ላይ ነበር። ወደ ጎረቤታችን ሮጥሁ፤ ካሴቶቹን ግን ኳስ ጨዋታ ቀድተውባቸው ኖሯል። እርሳቸው ምን ያድርጉ፤ የሰጠሁ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትንና አሁን የማውቀውን ልናገር። ብዙ ፊልም በአንድ ዲስክ ላይ ማድረግ ግድ ከሆነ፥ ሥዕሉን በሙሉ መጠኑ አስቀርቶ ባይቱን ከማሳጣት ይልቅ ሥዕሉን ወደ 352 በ288 ነጥብ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። የዲቪዲ ሥርዓት ይህን መጠን ይፈቅዳል፤ ሥዕሉ ጥቂት ቢደበዝዝም እንደዚያኛው አይሰባበርም። ደግሞም ኮምፒዩተሩ ፊልሙን ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበት ማዘዝ ነው። በመጀመሪያው ዙር እንቅስቃሴ የሚበዛበትን ቦታ ይመዘግባል፤ በሁለተኛው ጸጥ ካለው ቀንሶ ለጭፈራው ይጨምራል። ጊዜ ይወስዳል፤ ሌሊቱን ትቶት መተኛት ነው። ባለ ሁለት ንጣፍ ዲስክ ያገኘ ሰው ደግሞ 8.5 ቢሊዮን ባይት ስለሚይዝለት ብዙ አይጨነቅም።

ኤምፔግ 4 የተባለው ኋላ የመጣ ዘዴ በዚያው ባይት የተሻለ ሥዕል ይሰጣል። በዚህ ዘዴ አንድ ፊልም በሲዲ ልክ 700 ሚሊዮን ባይት ያህል እንዲሆን ይደረግ ስለነበር፥ ስድስቱ በአንድ ዲቪዲ ላይ ይገባሉ። ነገር ግን በልማድ ዴክ የምንለው ማጫወቻ ሁሉ ይህን አያነብም፤ የቀደሙት ዴኮች የሚያውቁት ኤምፔግ 2ን ነው። ስለዚህ ከመቅዳት በፊት የዴኩን ፊት ለፊት ማየትና በአንድ አጭር ፊልም መሞከር ያስፈልጋል። የሌላውን ሰው ፊልም ያለ ፈቃድ ለገበያ ማባዛት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ስለሆነ፥ እኔ የምናገረው ስለ ቤታችን ነገር ብቻ ነው።

ባዶ ዲስክ የሚጻፈው ጨረር በውስጡ ያለውን ማቅለሚያ እየለወጠው ነው። ማቅለሚያው ፀሐይና ሙቀት ያበላሸዋል፤ ስለዚህ በመስኮት አጠገብ አይቀመጥ። አንድ ጭረትም ስድስቱን በአንድ ጊዜ ሊያሳጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ካሴቱን ወይም ሳይታመቅ በፊት የነበረውን ቅጂ ማንም አይጣል፤ ቢቻል በሁለት ቦታ ይቀመጥ። በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የዲስክ ማስገቢያ እየጠፋ ስለሆነ፥ ይህን ሥራ ማንበቢያው በእጅ ሳለ መሥራት ይገባል።

ያ ዲስክ ዛሬም በእናቴ ቤት አለ። በበዓል ቀን ስታየው፥ አያቴ ወደሚነሡበት ቦታ ስትደርስ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፤ ሥዕሉ ቢበላሽም የእርሳቸው እልልታና ሳቅ ጥርት ብሎ ይሰማልና።